ማየት ሌላ፣ መከተል ሌላ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በዚህ ዘመን በየሕንፃው በር፣ በየባንኩ አዳራሽና በየአደባባዩ ካሜራ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ካሜራው ሌሊትና ቀን ያያል፤ ያየውን ሁሉ ግን ሌሊትና ቀን ተቀምጦ የሚመለከት ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሰው የሰለቸው ሥራ ለኮምፒዩተር ተሰጠ። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ጥበብ ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ አንድን ነገር ለይቶ ካየ በኋላ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ እንዴት እንደሚከተለው፣ ሲከተለውም የት ላይ እንደሚስት ለመግለጽ ነው። ነገሩ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ኋላ እንደምንደርስበት የሰው ሕይወት የጠፋበት፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለንም ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ብለን የምንጠራው ነገር በእውነት የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ሲኒማ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ፎቶግራፎች እየተከታተሉ የሚያልፉበት ትርኢት ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጸጥ ብሎ የቆመ ነው፤ እንቅስቃሴውን የሚፈጥረው የተመልካቹ አእምሮ ነው። ለኮምፒዩተር ደግሞ ፎቶግራፉ ራሱ ሥዕል ሳይሆን የቍጥር ሠንጠረዥ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የቪዲዮ ዐይነት በአግድሙ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥብ አለው፤ በአንዱ ፎቶግራፍ 2,073,600 ነጥቦች አሉ ማለት ነው። በሴኮንድ 25 ፎቶግራፍ ቢነሣ በየሴኮንዱ 51,840,000 ነጥቦች ወደ ኮምፒዩተሩ ይጐርፋሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የብርሃኑንና የቀለሙን መጠን በቍጥር ያመለክታል እንጂ «እኔ የሰው ትከሻ ነኝ»፣ «እኔ የበቅሎ ጆሮ ነኝ» ብሎ አይናገርም። ከዚህ የቍጥር ጎርፍ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ መንገድ ስትሻገር ለይቶ ማውጣት የሊቃውንቱ ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ መቀነስ ነው። ካሜራው በአንድ ስፍራ የተተከለና የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ማንም የሌለበትን ባዶውን ስፍራ አስቀድሞ ያጠናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፎቶግራፍ ሁሉ ከባዶው ጋር እያስተያየ ይቀንሳል። ግድግዳ ከግድግዳ ሲቀነስ ምንም አይተርፍም፤ የተረፈው አዲስ የገባው ነገር ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ደመና ፀሐይን ሲሸፍን ስፍራው በሙሉ ይለወጣል፤ ነፋስ የባሕር ዛፉን ቅጠል ሲያወዛውዝ መሣሪያው ሌባ የገባ ይመስለዋል፤ የሰውየውም ጥላ እንደ ሁለተኛ ሰው ይቈጠራል። በ1999 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስታውፈርና ግሪምሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለዚህ መላ አቀረቡ። መላውም ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ የተለመዱ ጠባዮች እንዲመዘገቡለት ነው። ቅጠሉ ወደዚህ ሲመጣ አረንጓዴ፣ ወደዚያ ሲሄድ ሰማያዊ የሚሆን ነጥብ ሁለቱም የዘወትር ጠባዮቹ ናቸውና መሣሪያው በዚያ ሊደነግጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ዘዴ ፈለግ መከታተል ነው። በ1981 ሆርንና ሹንክ በአንድ ወገን፣ ሉካስና ካናዴ በሌላ ወገን፣ የየራሳቸውን የሒሳብ መንገድ አሳተሙ። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ይኸውም ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደሚቀጥለው ስንሄድ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ አንድ ነጥብ ቦታውን ቢለውጥ እንኳ ብርሃኑን አይለውጥም የሚል ነው። ስለዚህ ያው ብርሃን በሚቀጥለው ፎቶግራፍ ላይ የት እንደተገኘ ከተፈለገ የሄደበት አቅጣጫና ፍጥነት ይታወቃል።

በዚህም ላይ አንድ ችግር አለ። በበር ቀዳዳ አሾልቃችሁ ትመለከታላችሁ እንበል። ከበሩ ማዶ አንድ ሰው የነጠላ ጥለት ይዞ በርዝመቱ በኩል ይጐትታል። ጥለቱ አበባም መስቀልም የሌለበት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ሰውየው ምንም ያህል ቢጐትት ለእናንተ መስመሩ የቆመ ይመስላችኋል። ጥለቱ መስቀል የተጣለበት እንደ ሆነ ግን መስቀሉ በቀዳዳው ፊት ሲያልፍ ወዴት እንደሄደ ወዲያው ታውቃላችሁ። ኮምፒዩተርም በየጊዜው የሚያየው ሥዕሉን በሙሉ ሳይሆን እንደዚህ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ዐይኑን የሚተክለው በለስላሳው ግድግዳ ወይም በረዥሙ መስመር ላይ ሳይሆን፣ በማዕዘንና ልዩ ምልክት ባለበት ስፍራ ላይ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ከማየት ይልቅ ለማሰብ የቀረበ ነው። ወዳጃችሁ ከመንገዱ ማዶ እየተራመደ ሳለ አውቶቡስ መጥቶ በመካከላችሁ ቢቆም፣ ወዳጃችሁ ከዓለም ጠፋ አትሉም። አረማመዱን ታውቁታላችሁና ከአውቶቡሱ በስተጀርባ በየት በኩል ብቅ እንደሚል ገምታችሁ ዐይናችሁን ወደዚያው ትልካላችሁ። ይህን ዐይነቱን ግምት በሒሳብ ያጸናው በሀንጋሪ አገር ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ሩዶልፍ ካልማን ነው። በ1960 ያሳተመው ሒሳብ ወደ ጨረቃ ለተጓዙት ለአፖሎ መንኰራኵሮች መንገድ መሪ ሆኖ አገልግሏል። ትእዛዙ በሦስት ቃል ይጠቀለላል፤ ገምት፣ እይ፣ አርም። መሣሪያው ነገሩ አሁን የት እንደሚሆን አስቀድሞ ይገምታል፤ ከዚያም ያያል፤ ግምቱና ያየው ነገር ሳይስማሙ ሲቀሩ ለሁለቱም የሚገባቸውን ያህል እምነት ሰጥቶ በመካከላቸው ያስታርቃል። ዐይኑ ጭጋግ ሲሸፍነው ለግምቱ ያደላል፤ ዐይኑ ሲጠራ ደግሞ ላየው ነገር ያደላል።

አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ይህ በበቃ ነበር። በገበያ ቀን ግን በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ሃምሳ ሰው አለ፤ በሚቀጥለውም ፎቶግራፍ ሃምሳ ሰው አለ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው የትኛው ነው? ለመንግሥት ሠራተኛ ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሒሳብ በመጀመሪያ ስለ ሠራተኛ ምደባ የታሰበ መሆኑ ነው። ሃሮልድ ኩን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ብዙ ሰዎችና ብዙ ሥራዎች ሲኖሩ እያንዳንዱን ሰው ለሚስማማው ሥራ መድቦ ጠቅላላው ውጤት ከሁሉ የተሻለ የሚሆንበትን መንገድ አሳየ። ዘዴውም ቀደም ብለው በነበሩ የሀንጋሪ ሊቃውንት ሥራ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ የሀንጋሪ ዘዴ ተባለ። ዛሬ ይኸው ሒሳብ በአሁኑ ፎቶግራፍ ላይ የታየውን እያንዳንዱን ሰው በቀድሞው ፎቶግራፍ ላይ ከታየው ጋር ለማዛመድ ይሠራበታል።

ከ2012 ወዲህ ደግሞ ከብዙ ምሳሌ እየተማሩ «ይህ ሰው ነው፤ ይህ አውቶሞቢል ነው፤ ይህ ውሻ ነው» ብለው የሚለዩ የኮምፒዩተር ዘዴዎች እጅግ ተሻሽለዋል። በ2016 የወጣው ሶርት የተባለው ዘዴ እነዚህን ለይቶ አዋቂዎች ከካልማን ግምትና ከኩን ምደባ ጋር አጋብቶ፣ በቀላልና በፈጣን መንገድ ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መከተል እንደሚቻል አሳይቷል። ይህም ሆኖ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች በጠባብ መንገድ ላይ ተገናኝተው ሲተላለፉ መሣሪያው የአንዱን ስም ለሌላው ሰጥቶ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱንም ደኅና አድርጎ አይቷቸዋል፤ ማንነታቸውን ግን አለዋውጧል።

አድማጮቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። ማየት ሌላ ነው፤ መከተል ሌላ ነው። ማየት የአሁኑን ማወቅ ሲሆን፣ መከተል የአሁኑን ከቀድሞው ጋር ማያያዝ ነው። በሌላ አነጋገር መከተል ማለት ታሪክን መጠበቅ ነው። ይህን ከመሥሪያ ቤት ሰው የበለጠ የሚረዳው የለም። ባለጉዳይ ማመልከቻውን ሲያቀርብ መዝገብ ይከፈትለታል፤ በየጊዜው የተጻፈው ሁሉ እየተያያዘ ይቀመጥበታል። በሌላ ቀን ሲመለስ ጸሓፊው የጉዳዩን አርእስት ለውጦ አዲስ መዝገብ ቢከፍት፣ የቀድሞውንም ሳያያይዝ ቢተወው፣ ባለጉዳዩ ሦስት ወር ሙሉ የተመላለሰ መሆኑ ተረስቶ ዛሬ ገና እንደመጣ ይቈጠራል። ጸሓፊው ዐይኑ አልታወረም፤ ባለጉዳዩን ፊት ለፊት አይቶታል። ታሪኩን ግን አጥፍቶበታል።

ይህ ምሳሌ ብቻ ሆኖ ቢቀር መልካም ነበር። ማርች 18 ቀን 2018፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ቴምፒ በምትባል ከተማ የደረሰው አደጋ ግን ይህንኑ በደም ጽፎታል። ኡበር የተባለው ኩባንያ ያለ ነጂ የሚሄድ አውቶሞቢል በመንገድ ላይ ይፈትን ነበር። አውቶሞቢሉ ካሜራ፣ ራዳርና በጨረር ርቀትን የሚለካ መሣሪያ ነበረው፤ ከመሪው ኋላም ሁኔታውን የምትጠባበቅ ሠራተኛ ተቀምጣለች። አንዲት የ49 ዓመት ሴት ብስክሌቷን በእጇ እየገፋች፣ ለእግረኛ ከተመደበው መሻገሪያ ውጭ፣ መንገዱን ትሻገር ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ መሣሪያው ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ በፊት አይቷት እንደ ነበር ገልጿል። አውቶሞቢሉ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ በመካከላቸው መቶ ሜትር ያህል ርቀት ነበረ። ታዲያ ካያት ለምን ገጫት? መልሱ የሚገኘው በአሰያየሙ ላይ ነው። በመጀመሪያ ተሽከርካሪ አላት፤ ቀጥሎ «ሌላ ነገር» አላት፤ እንደ ገና ተሽከርካሪ፣ እንደ ገና «ሌላ ነገር» አላት፤ በመጨረሻም ብስክሌት አላት። ሰው የሚል ስም ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰጣትም፤ ከመሻገሪያው ውጭ የሚሻገር እግረኛ ሊኖር ይችላል ብሎ እንዲያስብ አልተሠራም ነበርና።

ከሁሉ የከፋው ግን ስሟ በተለወጠ ቍጥር የቀድሞው እንቅስቃሴዋ ለግምቱ የማይቈጠር መሆኑ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እየተራመደች መምጣቷ በመሣሪያው ዘንድ ታይቶ ሳለ፣ አዲስ ስም ሲወጣላት አዲስ መዝገብ ይከፈታል፤ ታሪክ የሌለው ነገር ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይገመትም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የቆመች፣ ሌላ ጊዜ በራሷ መሥመር ወደ ፊት የምትሄድ መሰለችው። ወደ አውቶሞቢሉ መንገድ መግባቷን የተረዳው 1.2 ሴኮንድ ብቻ ሲቀረው ነው። በዚያን ጊዜም ፈጥኖ ፍሬን አልያዘም፤ በከንቱ እየደነገጠ እንዳያስቸግር ተብሎ አደጋ ሲታየው አንድ ሴኮንድ እንዲጠብቅ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ያበጀው የድንገተኛ ፍሬንም ኮምፒዩተሩ በሚነዳበት ጊዜ እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር። ጠባቂዋ ሠራተኛ በበኩሏ መንገዱን ትታ ስልኳን ትመለከት ነበር። አውቶሞቢሉ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ገጫት፤ ሴትዮዋም ሞተች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ቦርዱ ለአደጋው ዋና ምክንያት ብሎ የጠቀሰው የጠባቂዋን አለመጠንቀቅ ነው፤ ነገር ግን ኩባንያው አደጋን አስቀድሞ ለመመዘን በቂ ሥርዓት ያልነበረው መሆኑን፣ ሠራተኞቹንም በሚገባ ያልተቈጣጠረ መሆኑን፣ የአሪዞና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቍጥጥርም በቂ እንዳልነበረ አብሮ ጽፏል። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም። ሠራተኛዋ ግን ተከሳ፣ በ2023 ጥፋተኛነቷን አምና የሦስት ዓመት የገደብ ፍርድ ተፈረደባት። ኩባንያው ከአደጋው በኋላ መሣሪያውን አሻሽሎ፣ ስም ቢለወጥም የቀድሞው እንቅስቃሴ ሳይጣል እንዲቈይ፣ አንድ ሴኮንድ መጠበቁም እንዲቀር አደረገ። ለማረም የሚቻል ነገር እንደ ነበረ የታወቀው ከቀብር በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሥራ ልጥቀስ። በ2022 በካታር በተደረገው የዓለም ዋንጫ የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ኦፍሳይድን ለመለየት ይኸው ጥበብ ተሠርቶበታል። ከስታዲየሙ ጣራ ሥር 12 ካሜራዎች ተሰቅለው ኳሱን ይከተሉ ነበር፤ የእያንዳንዱንም ተጫዋች አካል እስከ 29 በሚደርሱ ነጥቦች ከፍለው በሴኮንድ 50 ጊዜ ቦታውን ይመዘግቡ ነበር። መሣሪያው ኦፍሳይድ መሆኑን ሲጠቁም ግን ጥቆማው በቀጥታ ፍርድ አይሆንም። በቪዲዮ ክፍል የተቀመጡት ዳኞች ኳሱ የተመታበትን ቅጽበትና የተሰመረውን መሥመር በገዛ ዐይናቸው ካረጋገጡ በኋላ ነው ለሜዳው ዳኛ የሚነግሩት። ለአንዲት ጐል ሲባል መርማሪ ተሹሟል፤ የመመርመሪያ ጊዜም ተሰጥቷል። በቴምፒ መንገድ ላይ የነበረችው ጠባቂ ግን ምንም በማይሆንበት መንገድ ላይ ለብዙ ሰዓት ብቻዋን ተቀምጣ፣ በሚሆንበት ቅጽበት ግን ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ እንዲበቃት የታሰበላት ሰው ናት። ሁለቱንም ሰው ይጠብቀዋል ማለት ይቻላል፤ የአንደኛው ጥበቃ ግን ስም ብቻ ነበር።

ይህን ስናገር ጥበቡን ለመንቀፍ አይደለም። በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ለመቍጠር፣ በአጕሊ መነጽር የሚታየውን የሕዋስ እንቅስቃሴ ለመከተል፣ የዱር እንስሳትን ጉዞ ለማጥናት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሰው በዐይኑ ሊጨርሰው የማይችለውን ሥራ ይሠራል። የምናገረው መሣሪያው የሚሰጠው ግምት መሆኑ እንዳይረሳ ነው። ካልማን ያስተማረውም ይህንኑ ነው፤ ግምት ሁልጊዜ ከእርማት ጋር መሄድ አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ያለው መሣሪያ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲቀርብ፣ ሻጩ ምን ያህል ነገር እንደሚያይ ማውራቱ አይቀርም። ገዢው ሹም ግን ሌላ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። የሚከተለውን ነገር ስም ሲለውጥ የቀድሞው ታሪክ ይቀመጣል ወይስ ይጠፋል? ያልተማረውን ነገር ሲያይ ምን ብሎ ይሰይመዋል? ሲጠራጠር ጥርጣሬውን ለማን ይናገራል? የሚነገረውስ ሰው ለመመርመር የሚበቃ ጊዜና ሥልጣን ተሰጥቶታል? ወይስ ጥፋት በደረሰ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው እንዲገኝ ያህል ብቻ ነው የተቀመጠው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መዝገብ እንዴት እንደሚያዝና ሲጠፋ በባለጉዳዩ ላይ ምን እንደሚደርስ ማወቅ ይበቃል።

ከተሰጣት ስም አንዱም የእርሷ ያልሆነው ያች ሴት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ሲቀር ታይታ ነበር። የጠፋው ዐይን አልነበረም፤ ያየውን ይዞ የሚቈይና ስለ ያየውም የሚጠየቅ ነበር እንጂ። መያዝን ለመሣሪያው ማስተማር ይቻላል፤ ተችሏልም። መጠየቅ ግን የሰው ድርሻ ነውና፣ ማን እንደሚጠየቅ ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ይወሰን።